በሩን የምታይ መስታወት

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ልጅ የጓሮዬን ክፍል ልትከራይ መጣች። ሕሊና ትባላለች፤ ጥፍርና ሽፋሽፍት ትሠራለች። የራሷ ጥፍር ከመርዘሙ የተነሣ በሬን ስታንኳኳ ቆርቆሮው ላይ ዶሮ የምትጭር ነበር የመሰለኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በየፎቁ ሥር ያለው ኪራይ እንኳን ለጀማሪ ለነባርም የሚቀመስ አልሆነም፤ «እሷ ጓሮ ያለችው ክፍል ባዶዋን ነው የተቀመጠችው» ብለው የላኩብኝ ጎረቤቶቼ ናቸው። ጎረቤት መቼም የሰው ባዶ ቦታ ያሳስበዋል። እስቲ ትያት ብዬ ቁልፌን ያዝኩና፣ ጎመኑን ዞረን ሄደን፣ ዝናብ ያሳበጠውን በር በትከሻዬ ገፋሁት።

ሽታው ቀድሞን ወጣ። የተተኮሰ ፀጉር፣ የከሰል አመድ፣ እርጥበት የጠጣ ጣውላ፣ የሆነ ቦታ ተደፍቶ የቀረ የፀጉር ቅባት። ልጅቷ አፍንጫዋን ይዛ «ውይ፣ ቀለም ይፈልጋል» አለች፤ እኔ ግን የበሩን መቃን ያዝኩ። እሷ እቴ ምን ገዷት፣ የስልኳን መብራት አብርታ ግድግዳውን በስንዝሯ ትለካ ጀመር። ብርሃኑ ፊት ለፊት ካለችው ትልቅ መስታወት ላይ አረፈ፤ ከዚያ ከጎኗ ከተሰቀለችው የሙሽራ ፎቶ ላይ። «እርስዎ ነዎት?» አለችኝ። አይደለሁም አልኳት። «ሙያውን ግን ከእናትዎ ሳይወርሱ አይቀሩም» አለች ደግሞ፣ ልታስደስተኝ ፈልጋ። በዕድሜዬ የሠራሁት አንድ ራስ ብቻ ነው ስላት ቀልድ መስሏት ከት ብላ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ።

ያችን ክፍል የሠራት አባቴ ነው። የፋብሪካ ሠራተኛ ነበርና፣ አዲስ ማሽን ታሽጎ የመጣበትን የሳጥን ጣውላ ለምኖ አምጥቶ፣ ከላይ ቆርቆሮ ደፍቶባት፣ ከጽጌረዳዋና ከጎመኑ መሐል አቆማት። ጣውላው ላይ በባዕድ አገር ፊደል የተጻፈው ነገር ተገልብጦ ስለተመታ፣ የእናቴ ደንበኞች አንገታቸውን አጣመው ሊያነቡት ሲሞክሩ የተጠቀለለው ፀጉራቸው ይፈታ ነበር፤ እናቴ በዚህ ነገር አባቴን ሳትወቅሰው የዋለችበት ቀን ትዝ አይለኝም። ካስክ ደግሞ ነበረቻት፤ ያ ራስ ላይ የሚደፋው ማድረቂያ። ካስክ ውስጥ የገባች ሴት የራሷን ድምፅ ስለማትሰማ ምሥጢሯን እየጮኸች ነው የምታወራው፤ የሰፈራችንን ጉድ ሁሉ ጓሮ ጎመን እየቀነጠስኩ የተማርኩት ከዚያ ነው።

መስታወቷን አባቴ ከበሩ ትይዩ ሰቀላት፤ ሌላ የሚበቃት ግድግዳ አልነበረም። እናቴ መጀመሪያ «ደንበኛዬ መልኳን ትይ ወይስ የገባ የወጣውን ትቁጠር?» ብላ አኩርፋ ነበር። በኋላ ግን ወደደችው። እጇ የሰው ራስ ላይ እያለ፣ ዘወር ሳትል፣ የሚገባውን ሁሉ ታያለች። «ነይ ግቢ፣ ጭቃሽን እዚያ ጥረጊ» ትላለች ጀርባዋን እንደሰጠች። ለደንበኛ የተገዛ ብስኩት ልወስድ በእግሬ ጣት ተራምጄ ገብቼ ስንት ጊዜ በመስታወት ውስጥ እንደተያዝኩ እኔ ነኝ የማውቀው። እናቴን ከኋላዋ ሳታየው የገባባት ሰው የለም፤ ይህን ያዙልኝ።

ፀጉር መሥራት የጀመረችው በራሷ እናት ላይ ነው። እምዬ፣ አያቴን ማለቴ ነው፣ የምትኖረው አንኮበር ነበር። ነጭ ፀጉሯ ብዙ ነው፣ ረጅም ነው፣ ከእናቴም በቀር ማንም እንዲነካው አትፈቅድም። በዓል ሲደርስ እንሄዳለን፤ ግድግዳ ጥግ ፀሐይ ይዘው ይቀመጡና እምዬ ከእናቴ ጉልበቶች መሐል ገብታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ትንሽ ልጅ ትሆናለች። እናቴ ፈር አውጥታ ሹሩባውን ስትጎነጉን ጥንቃቄዋ ለጉድ ነበር። አንዲት ፈር ከጠመመች ሁሉንም ታፈርሰዋለች። «ፍቺና እንደገና ጀምሪ» እያለች ያስተማረቻት እምዬ ናት፤ እናቴም ይህንኑ ለራሷ እያለች ነው የኖረችው።

አንድ ፋሲካ ታዲያ እምዬ ዓይኗን ሳትገልጥ «ስሞት፣ ከመገነዜ በፊት፣ ራሴን የምትሠሪኝ አንቺ ነሽ። የማላውቀው እጅ እንዳይነካኝ» አለች። እናቴ «ምነው በበዓል ምድር ሟርቱ!» ብላ ተቆጣች። እምዬ ግን ሚዶዋን፣ ያችን ጥርሷ የተሸራረፈ የእንጨት ማበጠሪያ፣ ከእጇ ላይ አንሥታ መልሳ አስጨበጠቻት፤ «ይቺ አንቺ ዘንድ ትቀመጥ፤ ስትመጪ ይዘሻት ትመጫለሽ» አለቻት። ሚዶዋ ከዚያን ቀን ጀምሮ እኛ ክፍል መደርደሪያ ላይ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ ተቀመጠች። ለደንበኛ ወጥታ አታውቅም፤ እኔ እንኳ ስነካት እጄን እመታ ነበር።

መርዶ ሰዓት አለው። ሰው ከአልጋው ሳይርቅ፣ እህል ሳይቀምስ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ ነው የሚነገረው። የሙሽራ ፀጉርም የሚጀመረው ጎሕ ሲቀድ ነው። የእኛ ግቢ ደግሞ በሩ አንድ ነው፤ ደንበኛም፣ እንግዳም፣ ለማኝም በዚያው ነው የሚገባ። ሁለቱ አንድ ጠዋት ይገጣጠማሉ ብሎ ማን አሰበ!

ወሩ ጥር ነበር፣ እኔ ስምንተኛ ክፍል ነኝ። ውርጩ ጎመኑን አንጨፍርሮታል፤ የበርሜሉ ውሃ ከላይ ረግቶ በጣሳ እየሰበርን ነው የምንቀዳው። አባቴ የሌሊት ፈረቃ ገብቶ ገና አልተመለሰም። ሙሽራዋ ብርቱካን የምትባል አስተማሪ ነበረች፤ ከሚዜዋ ከትዕግሥት ጋር በጋቢ ተጠቅልለው መጡ። ትዕግሥት ስሟ ብቻ ነው ትዕግሥት፤ አፏ አያርፍም፣ የምታገባው እሷ ነበር የምትመስል። እናቴ የብርቱካንን ፀጉር አጥባ፣ በቢጎዲን ጠቅልላ፣ ካስክ ውስጥ አስገባቻት። ወደ ቤቷ የሚመልሳት መኪና ሦስት ሰዓት ላይ በራችን ላይ ይደርሳል ተብሏል።

እኔ ከውጭ ምድጃ ሙቅ ውሃ ልቀዳ ወጣሁ። ከአጥሩ ወዲያ፣ ከጎረቤታችን ከእትዬ አስካለ ግቢ፣ አፉን በጋቢ አፍኖ የሚያለቅስ ወንድ ድምፅ ሰማሁ። በቆርቆሮው ቀዳዳ አጮለቅሁ። አጎቴ ሽፈራው ነው፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ከአንኮበር ሲመጣ ድንች ወይ ባቄላ ሳይሸከም መጥቶ አያውቅም፤ ባዶ እጁን ሳየው ክው አልኩ። ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ።

እትዬ አስካለ የእናቴ የልብ ወዳጅ ናት፣ እናቴን «ወርቄ» የምትላት እሷ ብቻ ናት። ጣሳው ከእጄ ሲወድቅ ሰምታ በአጥሩ ሽንቁር ሾልካ መጣችና ሁለቱን ትከሻዬን ጨምድዳ ያዘችኝ። «ሰኒዬ፣ ነፍሴ፣ ስሚኝ። እምዬ ማታ ዐርፋለች። አሁን አታለቅሺም። እናትሽ እጅ ላይ ሙሽራ አለች» አለችኝ። አጎቴ ከወዲያ ተነሥቶ «እኔ እህቴን ልወስድ ነው የመጣሁት!» አለ በታፈነ ድምፅ። «አይሱዙው ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። ግንዛቱን እስከ አምስት ሰዓት አቆዩልኝ ብዬ የደብሩን አባቶች እግር ስሜ ነው የወጣሁት፤ ከዚያ ወዲያ አይጠብቁም። አደራዋን አንቺም ታውቂያለሽ፣ ራሷን እሷ ናት የምትሠራት!»

«አውቃለሁ» አለች እትዬ አስካለ። «ታዲያ ራሷ እርጥብ የሆነ ሙሽራ ፊት መርዶ ይነገራል? በሠርጓ ቀን ዋይታ እየሰማች ትውጣ? ዕድሜ ልኳን ብትታመም ያ ነው፣ ልጅ ብታጣ ያ ነው ይላሉ። ሦስት ሰዓት ላይ ትሸኛታለች፣ ያኔ እንነግራታለን፣ በመኪና ትደርሳላችሁ።» አጎቴ እኔን አየኝ፤ አንድ ነገር እንድል የፈለገ ይመስል ነበር። ምን ልበል? ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ እስከ ዛሬም የሚያቃጥለኝ እሱ ነው።

ውሃውን ይዤ ገባሁ። እናቴ በመስታወቱ ውስጥ አየችኝና «ዓይንሽ ምን ሆነ?» አለች። «ጭሱ ነው» አልኳት። «ንፍጥሽን ጥረጊ፣ ሙሽራ ፊት» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላሉ፤ የፀጉር ማስያዣ እያቀበልኳት፣ ሲስቁ አብሬ እየሳቅኩ፣ በሆዴ ግን እምዬ ብርድ ሲሆን እግሬን በእጇ መሐል አድርጋ የምታሞቅልኝን እያሰብኩ ነበር። ትዕግሥት ደግሞ «ልጅሽ ሠርጉ ላይ ያልተጠራች መስሏት ነው መሰል ፊቷ ጠቆረ» ብላ ተሳለቀችብኝ። እኔ ማስያዣ ማቀበሌን ቀጠልኩ።

ካስኩ ጥዝዝ ማለቱን ድንገት አቆመ። መብራት ሄደ። ወይ ጉድ! ብርቱካን ከካስኩ ውስጥ «ኧረ ቀዘቀዘኝ!» ብላ ጮኸች፤ እናቴ ቢጎዲኖቹን በጣቷ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋ አየችና «ገና እርጥብ ነው፤ ሰኒ፣ ከሰል!» አለች። ከሰል በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አራግቤ አላውቅም። «ንደድ፣ ንደድ አንተ!» እለዋለሁ። እናቴ ሙሽራዋን ከማንደጃው አጠገብ ዱካ ላይ አስቀምጣ፣ አንገቷን አስደፍታ፣ እያንዳንዷን ጥቅል ፈታ በሙቀቱ ላይ ትይዛታለች፤ ጥቂት ቢጠጋ ይቃጠላል፣ ጥቂት ቢርቅ አይደርቅም። ፀሐይዋ በጣውላው ስንጥቅ ገብታ ወለሉ ላይ መጣች፣ ከወለሉ ወደ ግድግዳው ወጣች። ሦስት ሰዓት ሆነ፤ የሙሽራዋ መኪና መጥቶ ጡሩምባውን ነፋ። ገና ግማሽ ራስ ይቀራል።

ትዕግሥት ሹፌሩን ልታረጋጋ ሮጣ ወጣች። እትዬ አስካለ ታገሠች፣ ታገሠችና፣ አላስቻላትም መሰለኝ፣ «ወርቄ፣ አልጨረሳችሁም?» ብላ በሩን ከፈተችው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር። ለለቅሶ እንደሚለበሰው፣ ጥለቱ ወደ ላይ ወጥቶ አንገቷ ሥር ነው። ከአጎቴ ጋር ስታለቅስ ያዘቀዘቀችውን ረስታ ነው የገባችው። ዓይን ለዓይን ስንጋጠም ወደ ራሷ ጎንበስ ብላ አየች፤ ደንግጣ ጥለቱን ፈጥና ወደ ታች መለሰችው። ሙሽራዋ ፀጉሯን ወደ ፊቷ ደፍታ አቀርቅራለች፣ ምንም አላየችም። እናቴም ጀርባዋን ሰጥታ ማስያዣ በጥርሷ ይዛለች። አምላኬ፣ አይታ እንዳይሆን፣ አይታ እንዳይሆን አልኩ። «ትንሽ ቀርቶናል፣ አስካልዬ» አለች እናቴ፣ ማስያዣውን ከጥርሷ ሳታወጣ። ድምጿ የወትሮው ድምፅ ነበር።

ሥራዋን ቀጠለች። ሥራ ስትይዝ በአፍንጫዋ የምታዜማት ነገር ነበረች፣ እሷ ብቻ ቆመች። ትንሽ ቆይታ፣ እኔን ሳታየኝ፣ «የእምዬን ሚዶ አውርጂና ቦርሳዬ ውስጥ ክተቺልኝ» አለች። ለምን አልኳት። «ክተቺ አልኩሽ» አለች። ከተትኳት። ሙሽራዋ ሹሩባ አልነበረም የምትሠራው፣ ሚዶዋ ለምን እንዳስፈለገች አልገባኝም፤ ወይ እንዲገባኝ አልፈለግሁም።

ከዚያም ፀጉሩ ተሰብስቦ፣ ተይዞ፣ አበቃ ስንል ትዕግሥት ከውጭ ተመለሰችና ራሷን ዘንበል አድርጋ «ፊት ለፊቱ ትንሽ ከፍ ቢል አያምርም?» አላለች መሰላችሁ! በዚያች ሰዓት የእሷን ፀጉር ከሥሩ ብነቅለው ደስታዬ ነበር። እናቴ በመስታወቱ ውስጥ ሙሽራዋን አይታ «አንቺስ ምን ትያለሽ፣ የኔ ልጅ?» አለቻት። ብርቱካን አፍራ «ከፍ ቢል ደስ ይለኛል… ካላስቸገርኩዎት» አለች። ከአጥሩ ወዲያ የአይሱዙው ሞተር ተነሥቶ ማጓራት ጀመረ። እናቴ አንዴ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ «ፍቺና እንደገና ጀምሪ» አለች ለራሷ፣ ቀስ ብላ፣ ፊት ለፊቱን አፈረሰችው።

ብርቱካን ተነሥታ ስትቆም፣ እውነት እላችኋለሁ፣ እንደዚያ ያማረች ሙሽራ ከዚያ ወዲህም አላየሁም። ሙሽራ ከበር ስትወጣ እልል ይባልላታል፣ ደንብ ነው። የእኔ አፍ አልከፈት አለ። ከአጥሩ ወዲያ ጭጭ ብለዋል። እናቴ ብቻዋን እጇን ከአፏ ላይ አድርጋ እልልልል አለች፤ እስከ ግቢው በር እየሸኘቻት ደጋገመችው። መኪናው እየጮኸ ታጠፈ፤ አቧራው እስኪበርድ በሩ ላይ ቆማ አየችው።

ተመለሰች። ሽርጧን አውልቃ አጣጠፈች፣ እጇን ታጠበች፣ ከደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ አይቻት አላውቅም። ፊቷን ወደ መስታወቷ እንዳደረገች፣ በውስጧ በሩን እያየች፣ «አስካለ!» ብላ ተጣራች። «በሉ አሁን ግቡና መርዷችሁን ንገሩኝ። እናቴ ናት አይደል?»

እትዬ አስካለ በሩ ላይ ቆማ «መቼ አወቅሽ?» ብቻ ነበር ያለችው። «ነጠላሽን ስትመልሺው አየሁሽ» አለቻት እናቴ። አጎቴ ከኋላ ሲገባ ግን ያ ሁሉ ጥንካሬ ፈረሰ። ያን ቀን የጮኸችውን ጩኸት አልናገረውም። እኔም ከንጋት ጀምሮ የቋጠርኩትን እዚያው የቢጎዲን ቅርጫት ላይ ተደፍቼ አለቀስኩት።

በአይሱዙው ጋቢና ተጣበን ሄድን። እናቴ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋለች። ሜዳውን እንደጨረስን ጉም ዋጠን፤ ሹፌሩ መብራት አብርቶ፣ አንገቱን አውጥቶ፣ መንገዱን እየዳበሰ ነበር የሚነዳው። በጎች መንገድ ዘጉብን፤ አጎቴ ወርዶ በጋቢው አባረራቸው። አምስት ሰዓት ማለፉን ሁላችንም እናውቃለን፣ አንዳችንም ሰዓት አልጠየቅንም። እናቴ ብቻ በየመታጠፊያው «ደረስን?» ትላለች፣ ተወልዳ ያደገችበትን መንገድ እንደማያውቅ ሰው።

ስንደርስ ግቢው ሰው ሞልቶታል። እሷን ሲያዩ ሴቶቹ ዝም አሉ፤ በዝምታቸው ነው ያወቅነው። አንድ ሽማግሌ ቄስ ወደ እሷ መጥተው «ልጄ፣ ጠበቅንሽ። ሕዝቡ ከቆላ የመጣ አለ፣ ሰዓቱም አለፈ። ገነዝናት» አሏት። «ራሷን ማን ሠራት?» አለች እናቴ። «ፀጉሯን ማንም አልነካም፤ አደራዋን እናውቃለን። እንደነበረች ናት።» እናቴ ሚዶዋን ከቦርሳዋ አውጥታ «አባቴ፣ ለትንሽ ጊዜ ፍቱልኝ፣ ራሷን ብቻ» ብላ እግራቸው ሥር ወደቀች። ቄሱ ዕንባቸው ጢማቸው ላይ እየወረደ «የተገነዘ አይፈታም ልጄ» አሏት። ዕድሜዋን ሙሉ ስትፈታና ስትጀምር የኖረች ሴት የማይፈታ ነገር ገጠማት። እምዬ ሳትሠራ ተቀበረች።

ወደ ቤት ስንመለስ እዚያችው መስታወት ፊት ቆማ፣ በዚያው ሙሽራ በሠራችበት መቀስ፣ ፀጉሯን ከሥሩ ቆረጠችው። ወለሉንም ራሷ ጠረገች። ጓሮው ውስጥ ድንኳን ተተከለ፣ ለቅሶ የመጣው ሰው ሲበዛ ካስኩን ወደ ጥግ ገፍተን ክፍሏ ውስጥም አግዳሚ አስገባን። ራሷን የተላጨች ፀጉር ሠሪ ዘንድ ማን ይመጣል ብለን አባቴና እኔ ተጨንቀን ነበር፤ ሴቶቹ ግን ሊያጽናኗት ይመጡና «እግረ መንገዴን ጫፉን ብቻ…» እያሉ ይቀመጡ ጀመር። እንደዚያ ነው ወደ ሥራዋ የመለሷት።

ብርቱካን ከሠርጉ በኋላ ፎቶዋን ይዛ ልታመሰግን መጣች። እናቴን ጥቁር ለብሳ፣ ራሷን በጥቁር ሻሽ ሸፍና አገኘቻት። መቼ ነው ብላ ጠየቀች፤ ቀኑን ስትሰማ ፎቶው ከእጇ ወደቀ፣ «እኔ ከፍ ይበልልኝ ያልኩ ጊዜ?» ብላ እናቴ እግር ላይ ተደፋች። እናቴ አነሣቻት፤ «አንቺ ምን አጠፋሽ? አምሮብሽ ነበር እኮ» አለቻትና ፎቶውን ተቀብላ ከመስታወቷ ጎን ሰቀለችው። ያን ማድረጓ እኔን ለዓመታት ያናድደኝ ነበር። አንድ ቀን ይሄንን ፎቶ ለምን አታወርጂውም ብዬ ተቆጣኋት። «ትቻት ሄጄ ቢሆን እናቴን አገኝ ነበር፣ ይቺ ደግሞ እያለቀሰች ትዳር ትገባ ነበር» አለችኝ። «ሁለቱንም የማላስከፋበት መንገድ ካለ አንቺ የተማርሽው ንገሪኛ።»

ሙያውን ግን አላስተማረችኝም። ጣቴን ሚዶ ላይ ስታይ ትቆጣ ነበር። «ይሄ ሥራ እጅሽን ከሰው ደስታ ጋር ያስረዋል፣ የራስሽ ኀዘን ሲመጣ አይፈታልሽም። ሂጂ አጥኚ» ትለኝ ነበር። አጠናሁ፤ ቢሮ ገባሁ፣ ወንበርና ማኅተም አገኘሁ። ሰዎች ቀና ልጅ አሳደገች አሏት፣ እሷም ደስ አላት። እኔ ግን የጓደኛዬን ልጅ ፀጉር እንኳ አስይዤ አላውቅም፤ ጣቶቼ እንጨት ናቸው።

ሕሊና ለክታ ጨረሰች። ክፍሏን ሰጠኋት፤ ጣውላው ቀለም ይቀባ፣ ካስኩ ይውጣ፣ ይሁን። «ይቺን መስታወት ግን ወደዚያኛው ግድግዳ ባዞራትስ? በር ፊት ለፊት እኮ ሆነች» አለችኝ። አታንቀሳቅሻት አልኳት። ለምን ስትለኝ፣ የሚመጣብሽን ታይባታለሽ አልኳት። አልገባትም፣ ደግሞም አይግባት፤ ገና ልጅ ናት። የሙሽራዋን ፎቶ አውርጄ በብብቴ ይዤ ወጣሁ፤ እሷ የእኔ ናት።

ያ አንድ ራስ የእናቴ ነው። አምና ነው፣ እዚሁ ቤት፣ ጎሕ ሲቀድ። እሷ አደራ አላለችኝም፤ ከእምዬ ቀብር ወዲህ አደራ የምትለው ቃል ከአፏ ወጥታ አታውቅም። ሴቶቹ ሊያጥቧትና ሊገንዟት ሲገቡ ግን በሩን ዝጉልኝና ቆዩልኝ አልኳቸው። ሚዶዋን ከነጭ ጨርቋ ፈታሁ። ከውጭ ሰዓቱ እየሄደ ነው አሉኝ፣ ቄሶቹ መጥተዋል አሉኝ፤ ይጠብቁ አልኩ። ድጋሚ አንኳኩ፤ ይጠብቁ አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ራሷን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ያችን ሳስታ የቀረች ነጭ ፀጉሯን አበጥሬ፣ ፈር አወጣሁ፣ ጎነጎንኩ። ፈሩ ጠመመ፤ ከግንባሯ ቀጥ ብሎ ተነሥቶ መሐል ላይ ወደ ጆሮዋ ሄደብኝ። አየሁት። ሚዶዋን እንደያዝኩ፣ «ፍቺና እንደገና ጀምሪ» እስክትለኝ፣ ትንሽ ጠበቅኳት።